ከቀዩ ተራራ ማዶ የነበረው ብርሃን

እማዬ፣

ሰው የሚያሸንፈው የኮምፒውተር ጨዋታ ሞልቶ ሳለ፣ ደጋግሞ የሚገድለው ጨዋታ ፊት በፈቃዱ ለምን ይቀመጣል? ይህን ያልጠየቀን ሰው አልነበረም። ጎረቤት ጠይቆናል። የጤና ቢሮው ዘበኛ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ጠይቆናል። አንቺም ራስሽ አንድ ቅዳሜ ከወንበርሽ ተነስተሽ፣ ወገብሽን በእጅሽ ደግፈሽ፣ ለመሆኑ ምን ሆነን ነው እዚህ ቁጭ ብለን የምንሞተው ብለሽ ጠይቀሻል። ጠይቀሽ ስታበቂ ግን መልሰሽ ተቀመጥሽ። "በይ፣ ከወደቡ ጀምሪ" አልሽኝ።

ከተለየሽኝ ባሮ ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ጎደለ። ቤታችን አለ። ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ አስለውጬዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የምንደቅንበት ቦታ አሁን የለም፣ ግን ጩኸቱ ስለባሰ በዝናብ ጊዜ ቤት ውስጥ መነጋገር አይቻልም። ብዙም አልተቸገርኩ፣ የማነጋግረው ሰው የለኝም። በራችን ፊት ያለው መንገድ ሲሰፋ ማንጎዋ ተቆረጠች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ገብቶ ይውላል፣ አልጋሽን ወደ ግራው ግድግዳ አዛወርኩት። ከተማው ውስጥ በየወሩ አንድ አዲስ ታፔላ ይተከላል። ክልል ከሆንን ወዲህ የቢሮዎቹ ስም ከቤቶቹ በለጠ ትዪ የነበረው፣ እውነትሽን ነው፣ ብሶበታል።

እኔ ተመርቄያለሁ። ጎግ ወረዳ ተመድቤያለሁ፣ ከነገ ወዲያ ሰኞ እሄዳለሁ። ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ አሰናድቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ታውቂኛለሽ፣ የምሄድበት ቦታ ካለ መቀመጥ አልችልም።

ወረቀት ያነሳሁት ግን ይህን ለመንገር አይደለም። ያልነገርኩሽ ነገር አለ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እሱን ሳልነግርሽ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን ብነግርሽ አይገባሽም። ከቀዩ ተራራ ጀርባ ያለው ብርሃን ምን እንደሆነ አይቻለሁ፣ እማዬ። ለአንቺ ብዬ ነው ያየሁት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ፣ አንቺም አብረሽኝ ነይ።

መቼም ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ባይኖር እኛም ወደዚያ አገር አንገባም ነበር። ሰኞ ሰኞ የክትባት ሳጥንሽን በትከሻሽ አንጠልጥለሽ ወደ ገጠር ስትወጪ በረዶው ቅዳሜ መሠራት ነበረበት፣ ቅዳሜ ደግሞ የቢሮው ጄኔሬተር የሚሠራው ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ብቻ ነው። ማቀዝቀዣውን በፊርማ የተረከብሽ አንቺ ነበርሽ፣ ጥለሽው አትሄጂም። እኔም የአሥራ አንደኛ ክፍል ደብተሬን ይዤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ኦጁሉ፣ የቢሮው ታይፒስት፣ የክትባት ሪፖርት የሚጻፍባትን አንዲት ኮምፒውተር እሱም እንዳንቺ በፊርማ ተረክቦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን ሊጠርግ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ከናይሮቢ የመጣ ዘመዱ የሰጠውን ሲዲ ይዞ መጣ። መጽሐፍ የለው፣ ሽፋን የለው፣ ቅጂ ከቅጂ የተገለበጠ ነገር ነው። ፊልም መስሎት ነበር የከፈተው።

መርከብ መጣች። ግራጫ ውሃ፣ ግራጫ ሰማይ። አንድ ሰው ከመርከቧ ወርዶ ወደቡ ላይ ቆመ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የሆነ ነገር የለም። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ኦጁሉ ሲዲው ተበላሽቷል አለ። እኔ ሳላስበው አንዱን ቁልፍ ነካሁት፣ ሰውየው አንድ እርምጃ ሄደ። ለካ እኛን ነበር የሚጠብቀው።

ያን ቀን ያልሽው ትዝ ይልሻል? ሰውየውን ዞር ዞር አድርጌ አገሩን ሳሳይሽ፣ ረግረጉን፣ ሸንበቆውን፣ ድልድዮቹን፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ እንደ ጡብ የቀላውን ተራራ ስታዪ፣ ከተራራው ጀርባ ሰማዩን የሚያቀላ ብርሃን ነበር። ጣትሽን መስታወቱ ላይ አድርገሽ፣ "እዚያ ይኬዳል?" አልሽ። ይኬድ እንደሆነ አላውቅም አልኩሽ። ስንሞክር ተኬደ። ከሩቅ ያየነው ጎጆ ስንደርስበት በር አለው፣ በሩ ይከፈታል፣ ውስጡ ሰው ተቀምጧል፣ ሰውየው ስም አለው፣ ሌባ ወንድም አለው። ከወደቡ ሆኖ የሚታይ ነገር ሁሉ የሚደረስበት ነበር። ማንም በዚህ ሂዱ ያለን የለም፣ ማንም በዚያ አትሂዱ ያለን የለም። አገሩ እዚያ ቁጭ ብሏል፣ በቃ።

ከዚያ ሞትን። ገና ሁለተኛው ድልድይ ላይ ሳንደርስ።

አሁን የምነግርሽ ነገር ላይ ለመድረስ ስለ ፕላስተሯም ማንሳት አለብኝ። በዚያ በመጀመሪያው ቀን ከኪቦርዱ ጥግ ያለችውን ቁልፍ ስነካ ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ዝርዝር ተሸፈነ፣ ማሽኗ ጮኸች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ኦጁሉ ፊቱ ተለዋወጠ። የመንግሥት ንብረት ነው፣ በእኔ ስም ነው፣ ከደመወዜ ይቆረጣል እያለ ግራ ገባው። ሶኬቱ ተነቅሎ ተሰክቶ ስትነሳ፣ አንቺ ከቦርሳሽ የቁስል ፕላስተር አውጥተሽ ቁልፏን ሸፈንሻት። "የማታውቂውን አትንኪ" አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ቁልፍ የነካ የለም።

ስለዚህ በሞትን ቁጥር ከወደቡ እንጀምራለን። ጄኔሬተሩ በጠፋ ቁጥርም ከወደቡ እንጀምራለን። ባለፈው ቅዳሜ ያገኘነው ሰይፍ የለም፣ የተማርነው አስማት የለም፣ የለበስነው የብረት ጥሩር የለም። ያ ሰውዬ ባዶ እጁን ከመርከብ ይወርዳል። የተራራው እግር ለመድረስ ሳይሞቱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ የሚሰጠን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። አንቺ ግን ይህ የጨዋታው ሕግ ነው ብለሽ ተቀበልሽው። እኔ ስናደድ፣ ገጠር ስትወጪም እንዲሁ መሆኑን ነገርሽኝ። ባለፈው ወር የሄድሽበትን መንገድ ጎርፍ ወስዶታል፣ ባለፈው ወር ያግባባሻቸው ሰዎች ቦታ ቀይረዋል፣ አንቺም ሳጥንሽን ይዘሽ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ። ይዘሽ የምትመለሽው ደብተርሽን ብቻ ነው።

ደብተሩንም ጀመርሽው። እንደ ቀበሌ ንድፍ አድርገሽ ነው የሳልሽው፣ ቤቶቹ በአራት ማዕዘን፣ ውሃው በሞገድ መስመር፣ የሞትንበት ቦታ ሁሉ በትንሽ ክብ። "ከሦስተኛው ድልድይ በታች የድንጋይ ሰው ተኝቷል። እንዳትረግጪው።" "እዚህች ቤት ያለችው አሮጊት እንጀራ ልጇን ትፈራለች፣ እሱ ሲወጣ ጠይቂያት።" "ውሻው የሚናከሰው ሮጠሽ ከመጣሽ ነው።" ሰውየው ሰይፍ የለውም፣ እኛ ግን በየሳምንቱ እየጎበዝን ሄድን። በሌላ ጨዋታ የሚያድገው ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰው ነው አሉ። በእኛ ቤት ያደግነው እኛ ነን።

ኦጁሉ አጠገባችን በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚስቀው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። "ሲስተር፣ ዛሬም ሞትሽ?" ይልሻል። አንቺም ዓይንሽን ሳታነሺ፣ "ሞቼም ካንተ ሪፖርት ቀድሜ እደርሳለሁ።" የጨዋታው ረግረግ ውስጥ ያለው አውሬ እየጮኸ ሲመጣ ደግሞ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ይህን የሠራው ሰው አዞ አይቶ አያውቅም፣ አዞ መጣሁ ብሎ አይናገርም ይላል። የአቦቦ፣ የውሃ ዳር ልጅ ነው፣ በውሃ ጉዳይ የሚከራከረው የለም።

በአንድ ነገር ግን ሁለታችንም ሳቅንብሽ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሸንበቆው ውስጥ ሽፍቶች አሉ። ገና ሲያዩን ነው ቀስት የሚስቡት። አንቺ ደግሞ ሰላም ሳልል ሰው ላይ እጄን አላነሳም አልሽ። ሰው ማነጋገሪያዋን ቁልፍ መጀመሪያ ተጫኚ አልሽኝ። ተጫንኩ፣ ሞትን። በሚቀጥለው ቅዳሜም ተጫንኩ፣ ሞትን። ሌላኛው ሽፍታ ጋ፣ ሞትን። ኦጁሉ ሆዱን ይዞ፣ ሲስተር፣ ሽፍታን በሰላምታ ያቆመ ሰው በዓለም የለም አለሽ። "አንተ ሞክረህ ታውቃለህ?" ብለሽ ጠየቅሽው። ጎግ መንገድ ላይ ጦር ይዘው የቆሙ ሰዎችን ቁጭ ብለሽ ሰላም ብለሽ፣ ልጆቻቸው እንዴት እንደሆኑ ጠይቀሽ፣ አስከትበሽ የተመለስሽበትን ቀን ኦጁሉም ያውቃል፣ መኪናው ውስጥ ነበረ።

አሥረኛው ይሁን አሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሸንበቆው ሦስተኛ መታጠፊያ ላይ ፊቷን በጨርቅ የሸፈነች ሴት ቀስቷን ሳበች። ቁልፏን ተጫንኩ። ለመሞት ተዘጋጅቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ቀስቷን ዝቅ አድርጋለች። ጽሑፉን እያነበብኩ ተረጎምኩልሽ። ከስንት ጊዜ ወዲህ እኔን ሰላም ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ውሃው ሲሞቅሽ ወደ ግራ ታጠፊ፣ ድልድዮቹ አያስፈልጉሽም፣ ነበር የሚለው።

የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንቺ ከዚያ በኋላ ያልሽው ነው ዛሬም የሚደንቀኝ። አንድ ሰው፣ የት አገር እንዳለ የማናውቀው ሰው፣ ምናልባት አንድ ቀን አንድ ሰው ይህችን ሴት ሰላም ይላት ይሆናል ብሎ አስቦ፣ ቁጭ ብሎ የምትመልሰውን ጻፈላት አልሽ። ማንም ሰላም ላይላት ይችል ነበር። ቃሏ እዚያ ተቀምጦ ይቀር ነበር። እሱ ግን ጻፈላት።

እማዬ፣ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህን ነው። የሚያሸንፉት ጨዋታ አንቺን የሚያክል ዓለም ይሠራልሻል፣ አጥሩንም በቁመትሽ ይለካል። ያኛው ግን በእኔ አቅም ልክ አልተሠራም። ሳልኖርም ይኖር ነበር። ደክሞኛል ብል ተራራው ዝቅ አይልም፣ ጎብዤ ብመጣ ግን አይከለክለኝም። ያንን የመሰለ ነገር ፊት መቆም ያስፈራል፣ ደስም ይላል። ሁለቱ ስሜት ተለያይቶ መጥቶልኝ አያውቅም።

ሴትዮዋ ባሳየችን መንገድ ሰዓት አተረፍን። ጅማ ልማር ከመሄዴ በፊት በነበረው የመጨረሻ ቅዳሜ ተራራው እግር ደረስን። ሽቅብ ስናይ መንገዱ እንደ ክር ተጠማዞ ይወጣል፣ ብርሃኑም ከጫፉ ጀርባ ይንቀለቀላል። ያኔ ጄኔሬተሩ ጠፋ። አንቺ ደብተሩ ላይ ከተራራው ወዲያ ያለውን ባዶ ቦታ በመስመር ከበሽ፣ በወር ሪፖርትሽ ላይ የምትጽፊውን ቃል ጻፍሽበት፦ ያልተደረሰበት። "ለክረምት ስትመጪ እንሄዳለን" አልሽኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክረምት ግን ትምህርቱ አልለቀቀኝም።

እንግዲህ ያልነገርኩሽ ይኸውልሽ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ አንድ እሁድ፣ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጣ የክፍላችን ልጅ ጨዋታውን ከፍቶ አየሁት። ያው ወደብ፣ ያው ግራጫ ውሃ። አጠገቡ ቆሜ ሳይ፣ ጥቂት እርምጃ ሄዶ የኪቦርዱን ጥግ ይነካል፣ ዝርዝሩ ይወጣል፣ አንዱን ይጫናል፣ ተመልሶ ይሄዳል። አንዱ ድልድይ ላይ ሞተ። ወደብ አልተመለሰም። ድልድዩ አፋፍ ላይ ተነስቶ ቆመ፣ ሰይፉም ከነጥሩሩ አለ።

ምንድን ነው ያደረግከው አልኩት። ሴቭ አድርጌው ነበራ አለኝ። የደረሱበትን ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል ማለት ነው፣ እማዬ። ሁልጊዜም ይቻል ነበር። ያቺ አንቺ በፕላስተር የሸፈንሻት ቁልፍ ናት። እኛ ዓመት ከምናምን ከወደቡ ስንጀምር እሷ ፕላስተሯ ሥር ተቀምጣ ነበር።

እናንተ ታዲያ እንዴት ነበር የምትጫወቱት አለኝ። ነገርኩት። ጓደኞቹን ጠርቶ፣ ኑ ይህችን ልጅ ስሟት አላቸው። በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ከዚያ አንደኛው እስከ የት ደረሳችሁ ብሎ ጠየቀ። እስከ ቀዩ ተራራ እግር ስለው ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ሳታስቀምጡ አለኝ። ሳናስቀምጥ አልኩት። ስለ ሸንበቆዋ ሴት ስነግራቸው ደግሞ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ገድለዋታል። ቀስት ስባ ሲያዩ ይገድሏታል፣ ያልፋሉ። እንደምትናገር የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ያ ልጅ ብርሃኑ ምን እንደሆነ ልንገርሽ ሲለኝ ጆሮዬን ደፍኜ ወጣሁ። ለአንቺ ሳላሳይሽ መስማት አልፈለግኩም።

የዚያኑ ዕለት ልደውልልሽ ነበር። ግን ስልኩ ያለው የቢሮሽ ኃላፊ ክፍል ነው፣ ስትሰሚ የሚሆነውን ፊትሽን ደግሞ ማየት ፈለግሁ። እንዴት እንደምነግርሽ መኝታዬ ላይ ሆኜ ተለማመድኩ። መጀመሪያ ምንም ሳልል ፕላስተሯን እልጣለሁ፣ አንቺ ትቆጪኛለሽ፣ ከዚያ አሳይሻለሁ። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ትኩሳቱ በአራት ቀን ወሰደሽ። ለስንቱ ሰው መድኃኒት ቆጥረሽ የሰጠሽበት ትኩሳት። ከፈተና አዳራሽ ጠርተውኝ፣ በመቱ በጎሬ አድርጌ በሁለተኛው ቀን ስደርስ ተቀብረሽ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲደረድር ያገኘሁት ኦጁሉን ነው። የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነው፣ ግን ሦስቱንም ቀን ከእድርተኛው ጋር አደረ። ሲሰናበተኝ ደብተርሽን ሰጠኝ። እኔም ስለ ቁልፏ ልነግረው አልቻልኩም። መጀመሪያ መስማት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ኦጁሉ መልእክት ላከብኝ። ለቢሮው ሁለት አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጥተዋል፣ አሮጌዋ ሰኞ ለንብረት ክፍል ትመለሳለች፣ ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም። ሲዲውም ተጭሮ ተጭሮ ሌላ ማሽን አያነበውም። የቀረን አንድ ቅዳሜ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ካልወጣሁት ብርሃኑን አላየውም፣ አንቺም በእኔ ዓይን አታዪውም።

ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ማቀዝቀዣው እንዳለ ይጮኻል፣ በረዶው ለሰኞ እየተሠራ ነው። ፕላስተርሽ ጠቁሮ ጠርዙ ተነስቷል፣ ግን አለ። ያኔ ነው ስለ ቁልፏ ለኦጁሉ የነገርኩት። ከዚያ ስለ ሦስተኛው ድልድይ ጠየቀኝ፣ እዚያ የሞትነው ሁሉ በከንቱ ነው ማለት ነው አለ። አዎ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ "ሲስተር ብትሰማ ኖሮ ፕላስተሩን በሌላ ፕላስተር ትደርበው ነበር" አለኝ። ከሞትሽ ወዲህ ስለ አንቺ ስስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ቁልፏን አልነካኋትም። ለምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም። አንቺ ያወቅሽው አገር ቢሞት የማይመለስ ሰው የሄደበት አገር ነው፣ በሌላ መንገድ ብገባ የማገኘው ሌላ አገር የሚሆን መሰለኝ።

በመጀመሪያው ሙከራ ውሻው በላኝ። ሮጬ መጥቼ ነበር፣ ጽፈሽ አስጠንቅቀሽኝ ሳለ። ከወደቡ ስነሳ ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ኦጁሉ ደብተርሽን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያነብልኛል። የአንቺን ጽሕፈት በእሱ ድምፅ መስማት እንግዳ ነገር ነው፣ አንቺ እየተናገርሽ እሱ የሚያስተረጉም ይመስላል። አሮጊቷን ሰላም አልኳት፣ ውሻውን በቀስታ አለፍኩ፣ ወደ ሸንበቆው ገባሁ። ፊቷን የሸፈነችው ሴት ቀስቷን ሳበች፣ ሰላም አልኳት፣ ዝቅ አደረገችው። ውሃው ሲሞቅ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ወደ ግራ። አሥር ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ተራራው እግር ነበርን።

ከዚያ በኋላ ደብተር የለም። ኦጁሉ ገጹን ገልብጦ ባዶውን አሳየኝና ዘጋው።

መንገዱ ጠባብ ነው፣ ነፋሱ ሰውየውን ወደ ገደል ይገፋዋል። ሁለቴ ተንሸራተትኩ። አንዴ ጫፍ ላይ በጣቱ ተንጠልጥሎ ሲቀር ኦጁሉ በእጁ የወንበሬን መደገፊያ ጨመቀው። በየመታጠፊያው ድንጋይ የሚመስሉ ጠባቂዎች ቆመዋል። ሰይፍ የለኝም፣ ቢኖረኝም አልችላቸውም። ሰላም አልኳቸው። አልመለሱልኝም፣ ግን አልነኩኝም። አንድ በአንድ አለፍኳቸው። እጄ ላብ አጥምቆት ቁልፎቹ ይንሸራተቱ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ኦጁሉ፣ አሁን እንኳ ፕላስተሩን ልላጠው፣ ብትወድቂ ሁሉም ይቀራል አለኝ። ተወው አልኩት።

ጫፉ ላይ ወጣሁ።

እማዬ፣ እንዴት ልንገርሽ። ዓለሙ አላለቀም። እኛ ስንሞትበት የኖርነው አገር ሁሉ፣ ወደቡም ረግረጉም ድልድዮቹም፣ ለካ በረንዳው ነው። ከተራራው ማዶ ሜዳ ነው፣ ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ፣ በመካከሉ ባሮን የሚያክል ወንዝ ተኝቶበት። ብርሃኑም ሜዳው ላይ ነው። ከአድማስ እስከ አድማስ ቀጭን የእሳት መስመር፣ እንደሚራመድ ሰው በዝግታ የሚሄድ፣ ከላዩ ቀይ ጭስ።

እኔ አስማት መሰለኝ። ዘንዶ፣ የተቃጠለ ከተማ፣ የአማልክት ጦርነት፣ ምን ያላሰብኩት አለ። ኦጁሉ ግን ከበርጩማው ተነስቶ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

"ሣር ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ሣር እያቃጠሉ ነው።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ታኅሣሥ ነው፣ ከወንዙ ማዶ የእኛም ሣር እየነደደ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ምንድን ነው ምንድን ነው ስንል የኖርነው፣ አንቺ በየበጋው በመንገድሽ ላይ የምታልፊው እሳት። ኦጁሉ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው። ሣር የሚነደው አዲስ ለምለም እንዲወጣ ነው፣ ስለዚህ የሚያነደው ሰው አለ። ያ ሁሉ ሜዳ ሰው አለበት ማለት ነው። አንቺ ብትኖሪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ስንት ሕፃን ይኖራል ብለሽ ነበር።

ከእሳቱ በኩል ችቦ የያዘ ሰው ሽቅብ መጣ። አሥር ደቂቃ ቀርቶን ነበር። ሰላም አልኩት። እስከ ዛሬ በዚያ አገር ጠያቂዎቹ እኛ ነበርን፣ ይህኛው ግን ከመመለስ ይልቅ ጠየቀ። እየተረጎምኩ ለኦጁሉ አነበብኩለት፦ "ብቻሽን ነሽ የመጣሽው?"

ከሥሩ ሁለት መልስ ተጽፏል። አንዱ አዎ ይላል። ሌላው አይደለም፣ ከሰው ጋር ነው የመጣሁት ይላል።

ሁለተኛውን ተጫንኩ። ሰውየው ችቦውን ወደ ጎን አድርጎ መንገዱን ለቀቀልኝ። እንግዲያው ሁላችሁም ኑ አለ።

ጄኔሬተሩ ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረ። አላስቀመጥኩትም፣ አላዘንኩምም። ኦጁሉ ሶኬቷን ነቅሎ ገመዱን ጠቀለለ፣ የመንግሥት ንብረት ናትና በጥንቃቄ በጨርቅ ሸፈናት። በሩ ላይ ስንለያይ እጄን ይዞ ቆየ። "ሲስተር ደረሰች" አለኝ።

እኔ እንግዲህ ሰኞ ማለዳ በመኪና ወደ ጎግ እወጣለሁ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው መመዝገብ ነው። እንዴት እንደምጀምር ማንም አልነገረኝም፣ የመደበኝ ኃላፊ እዚያ ስትደርሺ ይገባሻል ነው ያለኝ። እፈራለሁ፣ ግን የምፈራው ደስ እያለኝ ነው፣ ይህን ከአንቺ በቀር የሚረዳኝ የለም። ሳልረሳሽ እሄዳለሁ፣ በየደጁ ስቆም ስምሽን በልቤ እጠራለሁ። የምታስታውስሽ እናት እዚያ አትጠፋም፣ ያስከተብሽው ልጅም አሁን ትልቅ ሆኗል።

አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝ፣ በሕልም ይሁን፣ በፈለግሽው መንገድ ይሁን። የምሄድበት መንደር መግቢያ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል ይላሉ። አንዱ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ቤቶቹ ይሄዳል። አንቺ መጀመሪያ በየትኛው ነበር የምትገቢው?

ልጅሽ